የግንቡ ሰርቪስ

ሮማነወርቅ ከቤቷ ስትወጣ «ዛሬ አልቆጣም» ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ቃሏ ኖርዝጌት የሚባለውን ሰፈር አላለፈም።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከፊት ወንበር ሆነው መንገድ ይመራሉ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው፤ መንገዱን ግን አያውቁትም። ይርጉ ታክሲውን ይነዳል። እሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ታላቅ ሰውን «ተሳስተዋል» ማለት ግን አይሆንለትም። አንዱ እያዘዙ ሌላው እየታዘዘ ያንኑ ነዳጅ ማደያ ደጋግመው ዞሩት።

«ይኼ ማደያ ወደደን መሰለኝ» አሉ ከሮማነወርቅ አጠገብ የተቀመጡት ወይዘሮ የኔነሽ።

«ኖ ፕሮብሌም እትዬ፣ ደርሰናል» አለ ይርጉ።

«የት ነው የደረስነው?» አለች ሮማነወርቅ። «ከማደያው ሌላ የሚታየኝ ነገር የለም።»

«ቀኝ ያዝ!» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል። ይርጉም ዝም ብሎ ግራ ያዘ፤ እሳቸውም መንገዱ ሲስተካከልላቸው «አላልኩህም?» አሉት።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1996 ግንቦት ነበር። ማኅበሩ ከአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ሥር ምድር ቤት ተከራይቶ ዓመታት ሲቀድስ ከቆየ በኋላ፣ ባለቤቶቹ ሕንፃውን ሸጡት። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ታቦቱን ይዘው መውጣት ነበረባቸው። አዳራሽ ጠየቁ፣ ጂምናዚየም ጠየቁ፣ ኬንት በሚባል አጎራባች ከተማ የጎማ መጋዘን የነበረ ቤት ሳይቀር ጠየቁ። በመጨረሻ ወሬ ያመጣው ይርጉ ነው። ከከተማው በስተ ሰሜን፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ፣ «ደንሞር» የሚባል የአንድ የድሮ እንጨት ነጋዴ ግንብ አለ፤ አንድ ድርጅት ያስተዳድረዋል፤ ትልቁ ቤት ለሠርግ ይከራያል፤ ከጀርባው ያሉት ቤቶች ግን ባዶ ናቸው፤ አለ። አቶ ዓምደ ሚካኤል «ለኔ ተዉት፣ እኔ ኮል አደርጋለሁ» ብለው ደወሉና ቀጠሮ ያዙ።

ሮማነወርቅን ይዘዋት የመጡት ቤት ታውቃለች ብለው ነው። አዲስ አበባ ሕንፃ ኮሌጅ አርክቴክቸር ተምራለች። አሁን ኬንት ውስጥ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ንድፍ ትሥላለች፤ ማኅበሩ ግን ይኼንን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

እሷ የመጣችው ለሌላ ነው። የባሏ የፍስሐ ሙት ዓመት ከሰኔ ጾም በፊት ባለው ቅዳሜ ይውላል። ቅዳሴው የት ይሁን? ማንንም አልጠየቀችም። ለመጠየቅ ስሙን ማንሳት አለባት፤ ስሙን ካነሳች ደግሞ ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። ፊቷን ከሚያዩባት በየሳምንቱ የአቶ ዓምደ ሚካኤልን ስብሰባ ብትቀመጥ ይሻላታል፤ ስትቀመጥም ከርማለች።

መኪናው በብረት በሩ ገብቶ ጥዶቹን አልፎ ሲወጣ ግንቡ ብቅ አለ። ይርጉ ፍሬን ያዘ።

«ጎንደር!» አለ። «እናቴን፣ ጎንደር ነው!»

ተወልዶ ያደገው እዚያ ነውና አልተፈረደበትም። መሃል ላይ ከጥዱ በላይ የሚወጣ አራት ማዕዘን ማማ ነበር፤ አናቱ እንደ ጥርስ የተከፋፈለ። በየማዕዘኑ ባለ ሾጣጣ ጣሪያ ትናንሽ ክብ ማማዎች እንደ ንብ ቀፎ ተንጠልጥለዋል። የጣሪያው ጫፍ ግድግዳ በሁለት በኩል እንደ ደረጃ እየዘለለ ይወጣል። መስኮቶቹ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ናቸው፤ ታች ያሉት ጠላት ሲመጣ ቀስት ለመወርወር የተበሱ ይመስላሉ።

«የፋሲል ግንብ ታናሽ ወንድም» አለ ይርጉ። «ሶ፣ የማን እጅ እንዳለበት ግልጽ ነው።»

«ይርጉ፣ የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ የቆመ ነው» አለች ሮማነወርቅ። «ይኼ ውስጡ እንጨት ነው። ድንጋዩ ልባጥ ነው። እዚያ ጋ ጥጉን እየው፣ ለቆ እንጨቱ ይታያል።»

«ታዲያ ማን ገልጦ ያየዋል?»

«ቀስት መወርወሪያውስ? በባቡርና በስልክ ዘመን የተሠራ ቤት፣ ማን ነው በቀስት የሚመጣበት?»

«ምቀኛ አይጠፋም» አለ ይርጉ።

ንዴቷ በይርጉ ብቻ አልነበረም። ግንቡን ያሠራው ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሸጦ ከበረና፣ የራሱን ቤት ለመሥራት ሲደርስ በእንጨት አፈረ። የአያቶቹን አገር ባላባቶች ግንብ በሥዕል አይቶ፣ ያልነበረውን አባት ቤት አሠራ። ተማሪ ሳለች እንዲህ ያለውን ሕንፃ መምህራኖቿ ሲነቅፉ ለምን እንደዚያ እንደሚያንገበግባቸው አይገባትም ነበር። አሁን ገባት።

አስተዳዳሪዋ ሚስስ ፔልተን በር ላይ ጠበቀቻቸው። ጥቁር ለብሳ፣ ሁለቱንም እጆቿን አጣምራ ቆማለች። የአቶ ዓምደ ሚካኤልን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም።

«እንዴት ያለች ትሁት ሴት ናት» አሉ እሳቸው በአማርኛ።

ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ታላቁ አዳራሽ አስገባቻቸው። ኮርኒሱ ከፍ ብሎ በጨለማ ይጠፋል። ግድግዳው እስከ ሰው ቁመት በተጠረበ ጥቁር እንጨት ተለብጧል፤ ከዚያ በላይ ቀንዳም የአጋዘን ራሶች ይመለከታሉ። እሳት መሞቂያው በሬ ያስገባል። ከበላዩ አንበሳና መጥረቢያ የተቀረጸበት ጋሻ አለ። በአንድ በኩል ሙዚቀኞች የሚቀመጡበት ሰገነት፣ በሌላው ሠረገላ የሚያስዞር ሰፊ ደረጃ ነበር። ሮማነወርቅ ዓይኗ ያረፈው ግን ከልባጡ ጋር አንድ ሆኖ በተሠራ፣ እጀታ በሌለው ቀጭን በር ላይ ነው። አሽከሮቹ የሚወጡበት ጠባብ ደረጃ ከዚያ በስተጀርባ አለ። ግማሹ ቤት ሌላውን ግማሽ ለመደበቅ የተሠራ ነበር።

«እዚህ ነጭ ወንበሮች እንደረድራለን» አለች ሚስስ ፔልተን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኦርጋን ከፈለጋችሁ ሰገነቱ ላይ ይሆናል። አበባው እዚህ። ሣጥኑ ይከፈታል ወይስ ተዘግቶ ይቆያል?»

አቶ ዓምደ ሚካኤል አስተርጓሚ ማስገባት አይወዱም። «ሣጥን ምን ጊዜም ክፍት ነው» አሉ በእንግሊዝኛ። የሙዳየ ምጽዋቱን ማለታቸው ነበር። «ሕዝቡ ሲያልፍ እንዲያስገባበት።»

ሚስስ ፔልተን ትንሽ ደነገጠች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሶፍት ወደ ወይዘሮ የኔነሽ ገፋ አደረገችላቸው። እሳቸውም አመስግነው አንድ ነጠላ ወረቀት መዘው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሮማነወርቅ ሶፍቱን አየችው። ስለ ፍስሐ ለሴትዮዋ ማን ነገራት? ወደ ወይዘሮ የኔነሽ ዞረች፤ እሳቸው የአጋዘኑን ራስ እያዩ ያማትባሉ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ሚስስ ፔልተን። «ያለፈው ማን ነው?»

አቶ ዓምደ ሚካኤል ደረታቸው ተነፋ። «ሁላችንም አልፈናል! እኔ ባለፈው ወር። ይኼ ልጅ አምና። ከመካከላችን አንድም የወደቀ የለም።»

የዜግነት ፈተናውን ማለታቸው ነበር። ይርጉም «ኦል ኦፍ አስ» ብሎ አጸናላቸው።

ሚስስ ፔልተን ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። ሮማነወርቅ መሐል ገባች።

«ጋሼ ዓምዴ፣ ስልክ ሲደውሉ ምን ብለው ነው የጠየቁት?»

«ምን እላለሁ? ትልቁን ቤት አንፈልግም፣ ሰርቪሱን ብቻ ነው የምንፈልገው አልኳት።»

«በምን ቋንቋ?»

«በገዛ ቋንቋዋ ነዋ! ‹ዊ ዋንት ሰርቪስ›።»

ሮማነወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

«ጋሼ፣ ሰርቪስ እዚህ አገር ጸሎት ነው። ቀብር ነው። የመኪና ዘይት መቀየርም ነው። ከቪላ ጀርባ ያለው ቤት ግን አይደለም፤ እሱን ሰርቪስ የምንለው እኛ ብቻ ነን። ሴትዮዋ ሬሳ ይዘን የምንመጣ መስሏታል።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ። «ለዚህ ነው ሶፍት የሰጠችኝ? ለማን እንዳለቅስ ብላ ነው?»

«ቃሉ የነሱ አይደለም እንዴ?» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል ተቆጥተው። «የራሳቸውን ቃል ካላወቁ እኔ ምን ላድርግ?»

ሮማነወርቅ ለሚስስ ፔልተን አስረዳቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ስለሳቀች ይቅርታ ጠየቀች፤ ቁልፏን አንሥታም በጓሮ በር አወጣቻቸው።

ከግንቡ ጀርባ ሌላ ዓለም ነበር። ማማ የለም፣ ጥርስ የለም። በድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ ግቢን ከበው ልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ የፈረስ ጋጡና የሠረገላ ቤቱ ቆመዋል። ዳገቱ ሥር ግማሽ አካሉ በመሬት የተቀበረ፣ ክረምት ከሐይቁ የተቆረጠ በረዶ እስከ በጋ ይቀመጥበት የነበረ ክብ ቤት አለ። ከግቢው መግቢያ አጠገብ ብቻ ማማ የተደረገላት አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች።

«ይቺማ የዘበኛ ቤት ናት» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ። «ዘበኛውንም ባላባት አድርገውታል።»

ሚስስ ፔልተን የሠረገላ ቤቱን ከፈተች። ሮማነወርቅ ገባችና ቆመች። ከጧት ጀምሮ ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ቀለለ። ግድግዳው ጡብ ነው፤ ጡብ መሆኑን አይደብቅም። ጣሪያውን የሚሸከሙት ትልልቅ ግንዶች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሦስት ማዕዘን ተጋጥመው፣ መሐል ላይ አንድም ምሰሶ አላቆሙም። ከላይ በረጅሙ የተከፈተ መስኮት ብርሃኑን ወለሉ ላይ ያወርደዋል። እንጨት ነጋዴው የማንም ዓይን አያየውም ባለበት ቤት እንጨቱን እንዳለ ትቶታል።

«አሁን ይኼ ቤት ነው» አለች። ከጧት ጀምሮ ያመሰገነችው ነገር ይኼ ብቻ ነበር።

ሚስስ ፔልተን ነገሩን ዘረዘረች። አዳራሹ በቀን እንጂ በቋሚነት አይከራይም። የሠረገላ ቤቱ ግን ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት ሊያዝ ይችላል። ቅርስ ስለሆነ በር በጡብ መድፈንም ሆነ አዲስ በር መብሳት አይቻልም። አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴም ጠይቋልና መልሱን ዛሬ ትፈልጋለች።

ሮማነወርቅ ፀሐዩን ለማየት ወጥታ ተመለሰች። ሠረገላ የሚያስገቡት ሁለቱ ትልልቅ መዝጊያዎች በምሥራቅ በኩል ናቸው። መቅደሱ ወደ ምሥራቅ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ትልቁ በር ከመቅደሱ ጀርባ ሆኖ ተዘግቶ ይቀራል። ሕዝቡ የሚገባው በምዕራብ ባለችው፣ ኮርቻና ልጓም ይሰቀልባት በነበረችው ክፍል ትንሽ በር ነው። የልጓሙ ክፍል ለጫማ ማውለቂያ ይሆናል። ከዚያ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ ከመጋረጃው ወዲያ መቅደሱ። ቤቱ የጠበቃቸው ይመስል ልክ መጣ። ይኼንኑ አስረዳቻቸው።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ባርኔጣቸውን እያዞሩ ሰሟት። ዓይናቸው ግን በተከፈተው በር በኩል ግንቡ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ አዳራሹን ካየሁ በኋላ ልቤ አልቀበል አለኝ» አሉ።

«ምኑን ነው ያልተቀበሉት?»

«ታቦት ሰርቪስ ቤት?»

«ጋሼ! ሰርቪሱን የጠየቁት እኮ እርስዎ ነዎት!»

«ሳላየው ነዋ! ምድር ቤት ስንት ዓመት ከረምን። አሁን ደግሞ ከሰው ጓሮ? በአሽከር በር? የፖርትላንድ ደብር ሰዎች ቢሰሙ ምን ይሉናል?»

«ጋሼ እውነታቸውን ነው» አለ ይርጉ። «ቢያንስ ማማውን እንጠይቅ። ለደወል ይሆናል፣ ኦኬ?»

«ማማው ደረጃ የለውም፤ ለዓይን ብቻ ነው የተሠራው» አለች ሮማነወርቅ። «አዳራሹ አይከራይም አለች። በአማርኛ ተርጉሜላችኋለሁ። አይከራይም።»

«ታላቅ ሰው ሲለምናት እኮ…»

«ጌታችንስ የት ተወለደ?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ። «በረት አይደለም?»

«እሱ ጌታ ነው። እኛ ሰዎች ነን፤ ለኛ ክብር ያስፈልገናል።»

ሮማነወርቅ ግንዶቹን አሳየቻቸው፤ ከአዳራሹ ኮርኒስ ይልቅ እነዚህ ዕድሜ እንደሚኖራቸው ነገረቻቸው። ስለ ብርሃኑ ነገረቻቸው። ልባጥና እውነተኛ ግድግዳ ምን እንደሚለያቸው በጣቷ እያንኳኳች አሰማቻቸው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ራሳቸውን እየነቀነቁ ሁሉንም ተቀበሉና፣ «እንግዲህ ሰኞ ጉባኤውን ሰብስበን እንነጋገርበታለን» አሉ።

ሰኞ ቤቱ የቤት ዕቃ ነጋዴው ነው።

ሰርቪስ ቤት ምን እንደሆነ ልትነግራቸው ትችል ነበር። እሷና ፍስሐ እንደተጋቡ ቀበና ከአንድ ቪላ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተው ሦስት ዓመት ኖረዋል። የባለ ቪላው ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ይጮህ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው አያነጋግርም፤ ፍስሐ ወረቀት ላይ እየጻፈ ያሳያት ነበር። ከዚያ በኋላ የኖሩባቸው ቤቶች ሁሉ ሰፊ ነበሩ። ይኼንን ለነዚህ ሰዎች መንገር አትችልም። የምትችለው ሌላውን ነው፤ እሱም ቢሆን ሳታስበው አፈትልኮ ወጣ።

«የፍስሐ ሙት ዓመት ከሰኔ ጾም በፊት ባለው ቅዳሜ ነው!» አለች። ድምጿ በጡቡ ግድግዳዎች መካከል አስተጋባ። «ቅዳሴው የት ይሁን? ንገሩኛ! ማማው ላይ ይሁን? የፖርትላንዶቹን እንጠይቅ? ነው ወይስ ሰኞ ትነጋገሩበታላችሁ?»

ይርጉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሚስስ ፔልተን የተባለው ባይገባትም ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። የፈራችው ነገር ደረሰ፤ ሁሉም ፊቷን አዩት። ፊቷ ግን የተቆጣ ሰው ፊት ነበር፤ ሊያዝኑለት የሚያመች አልነበረም።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ባርኔጣውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ፍስሐን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ወደዚህ ከተማ ሲመጣ የተቀበሉት፣ ሲሞትም ከራስጌው የነበሩት።

«ዓመት ሞላው?» አሉ።

«ሊሞላው ነው።»

«ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሁን ነገርኩዎት።»

«እኔ ቀኑን አውቀዋለሁ» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ ቀስ ብለው። «ወር ሙሉ አፏን እስክትከፍት ስጠብቅ ነበር። ዝም ያለ ሰው እንዴት ብለው ያስገድዱታል?»

ሮማነወርቅ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች፤ እጇ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነበር።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ወደ ሚስስ ፔልተን ሄዱና እንግሊዝኛቸውን ሁሉ ትተው ለውሉ እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ጨበጠቻቸው። ከዚያ ግቢውን ዞረው በምዕራብ በኩል ወዳለችው ትንሽ በር መጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ በሯ ደግሞ ጠባብና ዝቅ ያለች ናት። ጎንበስ ብለው፣ መቃኑን ተሳልመው ገቡ።

«ገና አልተባረከም እኮ ጋሼ» አለች ሮማነወርቅ።

«የኔ መሳለም ምን ይጎዳዋል?»

ወዲያው ጫጫታው ተጀመረ። ወይዘሮ የኔነሽ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ለማድ ቤት ይሆናል አሉ። በግ ከየት እንደሚገዛ ይርጉ ያውቃል። አቶ ዓምደ ሚካኤል አንድ በግ ለፍስሐ አይበቃም አሉ፤ ወይዘሮ የኔነሽ ደግሞ ወንድ ልጅ በግ ሲቆጥር እንጂ ድስት ሲያጥብ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ሮማነወርቅን የጠየቀ የለም። እሷ ጥቂት ሰው፣ አጭር ቅዳሴና ዝምታ ነበር የፈለገችው፤ ከአሁን በኋላ ሦስቱንም እንደማታገኝ ታወቃት።

«ይርጉ» አለች።

«አቤት እት ሮማን።»

«የሜትሩን ጫፍ ያዝልኝ። ከትልቁ መዝጊያ ጀምር።»

«መቅደሱን ነው?»

«መጋረጃው የሚሰቀልበትን። ጠበቅ አድርገህ ያዘው፣ አታላላው።»